በሎቢው ግድግዳ ላይ ያለው ቤት

ጥቅምት 4

ይድረስ ለውድ እህቴ፤

እታለም፣ እንዴት ከረማችሁ? እማዬ እንዴት አለችልኝ? ጉልበቷን ሳሚልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራው ብቻ ነው ትንፋሽ ያሳጣኝ። ይህን ያህል ጊዜ ዝም በማለቴ እንዳትቀየሚኝ። ስልክ ብደውል አታነሺም። «በስልክ ምላሱን አልችለውም፤ የሚለው ነገር ካለ ይጻፈው» ብለሽ በአጎታችን በኩል ስለላክሽብኝ፣ ይኸው ትምህርት ከጨረስኩ ወዲህ ከፊርማ በቀር ያልሠራሁበትን እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጫለሁ። ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ቢመስልሽ ሳቂብኝ፤ ብቻ አንብቢው።

ሆቴሉ እያለቀ ነው። የድሮ ቤታችንን ቦታ አሁን ብታዪው መንገዱ ይጠፋሻል። ሊፍቱ ተገጥሟል፣ ክፍሎቹ ቀለም ተቀብተዋል፣ አልጋዎቹ እንደታሸጉ ኮሪደር ላይ ተደርድረዋል። የቀረው የሎቢው ግድግዳ ነው። ለእሱ ዲኮሬተር ቀጥሬያለሁ። እኔ የፏፏቴ ሥዕል ምናምን አስቤ ነበር፤ እሷ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ቆይታ፣ አሁን ሰው ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው የድሮ የሕንፃ ፕላን ነው አለችኝ። ኮምፒውተር ሳይመጣ መሃንዲሶች በቀለምና በማስመሪያ፣ በእጃቸው የሠሩትን ማለቷ ነው። ወረቀቱ ወየብ ያለ፣ ዳር ዳሩ የተበላ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይወደዳል። «ለዚህማ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ አልጋ ዘርግተን እንግዳ እናስተኛለና!» ብዬ ሳቅሁባት። አንዱን በጥቁር ፍሬም አስገብታ ስታመጣልኝ ግን አፌን ዘጋሁ። እውነትም ያምራል።

ታዲያ አንድ ነገር ልለምንሽ። አባዬ ቁምሳጥኑ አናት ላይ ያስቀምጣት የነበረችው የቆርቆሮ ቱቦ ትዝ ትልሻለች? የቤታችን ፕላን ያለባት። ስትሄዱ ከሻንጣዎቹ ጋር ሳትሄድ አትቀርም። ላኪልኝ። ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ ፊት ለፊቱ ይሰቀላል፤ ከሥሩ «በዚህ ቦታ የነበረው ቤት» ተብሎ የአባዬ ስም ይጻፋል። ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ?

አንደኛ ፎቅ ላይ ስለሚሆነው የእማዬ ቤት በአጎታችን በኩል የጠየቅሽኝ፣ እሱ በደብዳቤ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ስንገናኝ እንጫወተዋለን። እስከዚያው ሐሳብ አይግባሽ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 19

ድንቡሼ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስለ ጽሑፍህ አትጨነቅ፤ እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፣ ከሐኪሞች ጽሑፍ የባሰ አይመጣብኝም። እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። ድንቡሼ ማለቴን ዲኮሬተሯ እንዳታይብህ።

ስለ ኑሯችን ባትጠይቅም ልንገርህ። ያለነው ሁለት ክፍል ውስጥ ነው፤ ከሥራችን ጎሚስታ አለ። ጠዋት ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ። ጎማ በፈነዳ ቁጥር እማዬ «ምን ፈረሰ?» ትላለች። ምንም አልፈረሰም እላታለሁ። ደረጃው የብረት ነው፤ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ስለዚህ እኔ ሥራ ስውል እሷ ከቤት አትወጣም። የጎሚስታው ሚስት እየወጣች ታያታለች። ደግ ሴት ናት።

ቱቦዋ አልጠፋችም። እኔ ጋ ናት። አልልካትም።

«ሕንፃው እስኪያልቅ ብቻ ነው» ብለህ የጫንከን አንተ ነህ። እማዬ በመኪናው መስኮት አንገቷን አውጥታ ቤቱን ስታይ፣ «ምን ታይዋለሽ? በጓሮው በኩል አንደኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ይጠብቅሻል፤ ደረጃ እንኳን አትወጪም፣ ሊፍት አለልሽ» ያልካትም አንተ ነህ። አመነችህ። እኔም አምኜህ ሥራ ወዳገኘሁበት ከተማ ይዣት መጣሁ፤ ለጊዜው ነው ብዬ መጋረጃ እንኳን ሳልገዛ ከረምኩ። አሁን ሕንፃው አለቀ ትላለህ። ስለ ሁለቱ ክፍል ስጠይቅህ «ስንገናኝ» ነው። ስለ ፕላኑ ለመጻፍ ግን ወረቀት አላጠረህም።

ቤቱን ያፈረሰ ሰው የቤቱን መልክ ግድግዳው ላይ ሲሰቅል ምን እንደሚባል አላውቅም። አንተ ክብር ብለኸዋል።

እማዬ ስሜን ታነሳለች ወይ ብለህ በአጎታችን በኩል አስጠይቀኸኛል። አዎ፣ ታነሳለች። በየቀኑ።

እህትህ


ኅዳር 8

እታለም፣

ምሬትሽ ደርሶኛል። አልፈርድብሽም፤ ተሸካሚዋ አንቺ ነሽ። እኔም ግን እግሬን ዘርግቼ አልተቀመጥኩም።

ከዲኮሬተሯ ጋር ፕላን ፍለጋ ከተማውን ስናስስ ሰነበትን። ከገበያው ጀርባ አሮጌ ወረቀት በኪሎ የሚሸጥበት ቦታ አለ፤ ባለሱቆች ለዕቃ መጠቅለያ የሚገዙት ጋዜጣና ደብተር እስከ ጣሪያ ተቆልሎ። እዚያ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አለ። ፕላን ፈላጊ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ክምሩን ለይቶ ለብቻው አስቀምጧል። የባቡር ጣቢያ አለው፣ ትምህርት ቤት አለው፣ ያልተሠራ ሲኒማ ቤት አለው። አንዱ ፕላን ላይ ሳሙና ተጠቅልሎበት ኖሮ ክብ የቅባት ምልክት ቀርቶበታል። ዲኮሬተሯ ከሁሉ አስቀድማ እሱን አነሳችና «ይህን እንዳታጸዳው» አለችው። ሰውዬው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ጌታዬ፣ ልጅቷ ደህና ናት?» አለኝ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ከዚያ ደግሞ ባሏ መሃንዲስ የነበረ አንዲት ሴት ቤት ሄድን። አልጋ ሥር ያለውን ሁሉ አወጣችልን። የመስመሩን ቅጥነት ብታዪው! ግቢው ውስጥ ያሉትን ዛፎች ሳይቀር ቅጠል በቅጠል ሥሏቸዋል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፕላን ማለት ሲሚንቶና ብረት የሚሰላበት ወረቀት ነው የሚመስለኝ፤ ጭቃ ባለው እጄ አጥፌ ኪሴ የምከተው። እንዲህ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ብቻ ሁሉም የሰው ቤት ነው። የመሃሉ ግድግዳ ባዶውን ቀርቷል። ሸሪኮቼ እሱን እያዩ «ያልከው የአባትህ ቤት የታል?» ይሉኛል። ለምረቃው አውሺኝ፤ ቅጂ አስነስቼ ዋናውን እመልስልሻለሁ።

በዚህ ሳምንት በሚመጣ መኪና ለእማዬ አንድ በፍሬም የገባ ፕላን ልኬላታለሁ። ባለ ፎቅ ቪላ ነው፤ በረንዳው ላይ ሐረግ ተሥሎበታል። ካገኘነው ሁሉ እሱ ያምራል። ክፍሏ ውስጥ ስቀይላት፣ ግድግዳው ይድመቅላት።

የሁለቱን ክፍል ነገር አልረሳሁትም። ብቻዬን የምወስነው ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ አልቆይም ነበር።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 1

ወንድሜ፣

የላክኸው ቪላ ደርሷል። መስታወቱ አልተሰበረም። ለእማዬ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ ከምድር ቤቱ እስከ ጣሪያው መረመረችው። ሲያበቃ «ደረጃው በዛ፤ ጉልበቴ አይችለውም። ለሰውዬው አንፈልገውም በዪው» አለችኝ። የኪራይ ቤት ያሳየኋት መስሏት ነው።

ይህን ካልኩህ አይቀር ቀሪውንም ልንገርህ። «ደህና ናት» እያልኩ የጻፍኩልህ እውነት አይደለም። እማዬ መርሳት ጀምራለች። እዚህ ከመጣን ወዲህ ነው። መጀመሪያ የቃል ነገር ነበር፤ ማንኪያውን «ያ… የሚበላበት» ትላለች። ቀጥሎ የጎሚስታውን ሚስት በእኔ ስም፣ እኔን በሟች እህቷ ስም ትጠራን ጀመር። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ኮቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ «በቃ፣ ብዙ ቆየን፤ ሰዎቹንም አስቸገርናቸው። ወደ ቤታችን እንሂድ» ማለት መጣ።

ነሐሴ ላይ እኔ ሥራ ቦታ ሳለሁ በዚያ የብረት ደረጃ ብቻዋን ወርዳ ጠፋች። መናኸሪያ ውስጥ አገኘኋት። ትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ ቆማ «ከዳቦ ቤቱ አልፎ ያለው፣ አረንጓዴው በር ጋ የሚያቆመውን ቁረጥልኝ» ትለዋለች። ሰልፉ ከኋላዋ ይስቃል። ቆራጩ ግን አልሳቀም። ወንበሩን በመስኮቱ በኩል አውጥቶ ሰጥቷት፣ እሱ ቆሞ ይሠራ ነበር። እስከ ዛሬ ስሙን አላውቀውም፤ ባለፍኩ ቁጥር እጅ እነሳዋለሁ።

ሐኪሙ የሚመለስ ነገር አይደለም አለኝ። «የምታውቀው ነገር አጠገቧ ይኑር» አለ። የምታውቀው ምን አለ? ዕቃው ተሸጧል፣ ቤቱ ፈርሷል። ሻንጣዎቹን ስበረብር ቱቦዋ እጄ ገባች። ፕላኑን አወጣሁና ከአልጋዋ ትይዩ ግድግዳው ላይ በእስፒል ሰካሁት። ብዙም ተስፋ አድርጌ አይደለም። እሷ አየችው፣ አየችውና ተነስታ ጣቷን በሩ ላይ አሳረፈች። «እዚህ ጋ ጫማ ይወለቃል» አለችኝ። ጣቷ ሳሎን ገባ፣ ኮሪደሩን አለፈ፣ መኝታ ቤቶቹን አየ፣ ኩሽና ደረሰ። ኩሽናው ላይ መሃንዲሱ በእርሳስ የጨመረላት መስኮት አለ። ገና ሙሽራ ሳለች «ምግብ ስሠራ ማን እንደመጣ ማየት አለብኝ» ብላ ሽንጧን ገትራ ያስጨመረችው፤ አባዬ እየሳቀ ሁልጊዜ ያወራው ነበር። እዚያ ስትደርስ ጣቷ ይቆማል። አጮልቃ ታያለች። «አሁን ከትምህርት ቤት ይመጣሉ» ትላለች። እኔንና አንተን ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቦርሳዋን አንስታ አታውቅም። ጠዋት ትነሳለች፣ ቤቷን በጣቷ ትዞራለች፣ ቁርሷን ትበላለች።

ለአንተ የግድግዳ ጌጥ ነው። እሷ እየኖረችበት ነው። ሁለቱ ክፍል ዝግጁ ከሆነ ነገ እንነሳለን፤ ፕላኑም አብሯት ይመጣል። ካልሆነም ቁርጡን ንገረኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ መጠበቅ ሰልችቶኛል።

እህትህ


ታኅሣሥ 14

እታለም፣

ደብዳቤሽን መኪና ውስጥ ነው ያነበብኩት። ሹፌሩን ውጣልኝ አልኩት።

እንዴት እስከ ዛሬ ትደብቂኛለሽ? እናትነቷ ላንቺ ብቻ ነው? ከነሐሴ እስከ አሁን እኔ እዚህ ለጠየቀኝ ሁሉ «ደህና ናት፣ እህቴ ጋ ናት» እያልኩ እኖራለሁ። መናኸሪያ ስትጠፋ እንኳን አንድ ቃል! ልትቀጪኝ ከሆነ ቀጥተሽኛል።

እሺ፣ ቁርጡን ንገረኝ ብለሻል። ሁለቱ ክፍል የለም። ነበረ፤ የሆቴሉ ፕላን ላይ በግልጽ ነበረ። ባንኩ ብድሩን ሲያሻሽል የእንግዳ ክፍል ይጨመር አለ፣ ሸሪኮቼም የልብስ ማጠቢያው ከምድር ቤት ወደ አንደኛ ፎቅ ይውጣ አሉ። እኔ አንድ ድምፅ ነኝ። በጓሮው በኩል አሁን የቆሙት የማጠቢያ ማሽኖች ናቸው። ጩኸቱ ብቻ አያስተኛትም ነበር፤ እንዲያውም ሳስበው ሳይሻላት አልቀረም። ደረጃ የሌለው ቤት ተከራዩ፣ ቀን የምትጠብቃት ሰው ቅጠሪላት፤ ወጪው በእኔ ነው።

የፕላኑን ነገር ደግሞ ልብ ብለሽ ስሚኝ። የጥሪ ወረቀቱ ታትሟል። ላዩ ላይ «ከቤት የተወለደ ሆቴል» ይላል፤ ዲኮሬተሯ ናት ያወጣችው፣ ሸሪኮቼ ሞተውለታል። ባዶ ግድግዳ ፊት ቆሜ ምን ላወራ ነው? ዛሬ ቅጂ ከዋናው አይለይም። የወረቀቱን መወየብ ሳይቀር አስመስለው ያወጡታል። ዋናው እዚህ ይሁን፣ ቅጂውን እማዬ ጋ እንስቀለው። እንዲህ ስልሽ እንዳይከፋሽ፣ ግን እንዳልሽው ከሆነ እማዬ ልዩነቱን አታውቀውም።

ዲኮሬተሯን ልልካት አስቤያለሁ። ሰው አክባሪ ናት፤ ፊት እንዳትነሻት።

ወንድምሽ


ጥር 9

ዲኮሬተርህ መጥታ ሄዳለች። ሰው አክባሪ ናት፣ አልዋሸህም። እኔ ሥራ በምሆንበት ሰዓት መምጣቷ በአጋጣሚ ነው ብዬ ግን ላምንልህ አልችልም።

የነገረችኝ የጎሚስታው ሚስት ናት። ልጅቷ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። አልጋው ላይ ከእማዬ አጠገብ ተቀምጣ እጇን ያዘቻት።

«ልጅዎ ልኮኝ ነው፣ እማማ።»

«የቱ ልጄ? ያ ድንቡሼው?»

«አዎ። ፕላኑን ይዘሽልኝ ነይ ብሎኝ ነው። በጣም የሚያምር ቦታ ሊያደርገው ነው።»

«ቤቱን ሊሠራው ነው?»

ልጅቷ እጇን ሳትለቅ «አዎ» አለቻት። ምን ታድርግ፣ እሷም ነገሩ ሳይገባት ቀርቶ ይሆናል። እማዬ ራሷ ተነስታ እስፒሎቹን ነቀለች። ራሷ ጠቅልላ ሰጠቻት። እስከ ደረጃው ድረስ እየመረቀች ሸኘቻት።

ቅጂው በሳምንቱ በወርቃማ ፍሬም መጣ። ንጹሕ ነው። እጥፋቱ ጠፍቷል፣ እድፉ ጠፍቷል። እርሳሱም አብሮ ጠፍቷል፤ ቆሻሻ መስሏቸው ጠርገውታል። እማዬ ጣቷን በሩ ላይ አሳረፈች፣ ሳሎን ገባች፣ ኮሪደሩን አለፈች፣ ኩሽና ደረሰች። ጣቷ ግድግዳውን ዳበሰ። ተመልሶ ዳበሰ።

«ማን ደፈነው?» አለችኝ።

ፍሬሙን ላወርደው እጄን ሰደድኩ።

«አንቺ ነሽ? ልጆቹ ሲመጡ በምን ላያቸው ነው?»

ልዩነቱን አታውቀውም ብለኸኝ ነበር። ቅጂ ከዋናው የማይለይ ከሆነስ፣ ቅጂውን አንተ ለምን አልሰቀልከውም?

አሁን ነገሩ ሌላ ሆኗል። «ልጄ ቤቱን እየሠራው ነው፣ መኪና ይልክልኛል» ብላ ቦርሳዋን ታቅፋ በሩ ላይ ትቀመጣለች። ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣውን መኪና ሁሉ «ደረሰ!» እያለች ትነሳለች። ሾፌሮቹ ለምደዋት እጃቸውን ያውለበልቡላታል፤ እሷም ስማቸውን ሳታውቅ «አይዞህ፣ ጨርስና እንሄዳለን» ትላቸዋለች። እህል አልቀምስም፣ ቤቴ ስደርስ እበላለሁ ብላለች። በማንኪያ እየለመንኩ ነው የማቀምሳት። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም ብሏል።

ፕላኑን መልስልኝ። ወይም ራስህ ና። ካንተ ጋር ሙግት ይዤ አይደለም፤ እየለመንኩህ ነው።


ጥር 20

እታለም፣

የምረቃው ጥድፊያ ላይ ስለሆንኩ ደብዳቤዬ አጭር በመሆኑ ይቅርታ። ለእርሳሱ ነገር ዲኮሬተሯን ተቆጥቻታለሁ። ወዲያው ልመልሰው ብዬ ነበር። መስታወቱ ግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ ነው የተሠራው፣ ካልተሰበረ አይወጣም አሉኝ። ምረቃው ይለፍና አስወጥቼ በእጄ ይዤው እመጣለሁ። ቃሌ ነው። እስከዚያው ለእማዬ «መኪናው መንገድ ላይ ነው» በያት። ሰው ምንጊዜም ተስፋ ሲኖረው ይበላል።

ብታዪው ግን ደስ ይልሽ ነበር። የገባው ሁሉ ፊቱ ቆሞ ፎቶ ይነሳል።

ወንድምሽ


የካቲት 15

እህቴ፣

ከመጣችሁ ወዲህ ስጽፍ ስቀድ ነው የሰነበትኩት። በደብዳቤ አይሆንም ብዬ ስልክ ሞከርኩ፣ እንደ ልማድሽ አላነሳሽም።

የዚያን ዕለት ከሊፍቱ ስወጣ ሎቢው ውስጥ ሳያችሁ ዓይኔን አላመንኩም። እንደምትመጡ ብትነግሩኝ መኪና አልልክም ነበር? ክፍል አላዘጋጅም ነበር? አብረውኝ የነበሩት የባንኩ ሰዎች ናቸው። ለሁለተኛው ብድር ሊፈርሙ የመጡ ናቸው። እማዬ በዚያ ሁኔታ፣ የእግሯ ጫማ አንዱ ከአንዱ ሳይገጥም፣ ያን ቦርሳ ታቅፋ፤ አንቺ ደግሞ ከዘበኛው ጋር ጮኸሽ፣ ሎቢው ሁሉ ዞሮ እያየሽ። «ምንድን ነው?» ሲሉኝ «የድሮ ጎረቤቶቻችን ናቸው» ያልኩት አስቤበት አይደለም። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። መልሼ ላርመው ስል እማዬ ራሷ «አዎ፣ ጎረቤት ነን» አለች። ከዚያ በኋላ ምን ልበል? ሰው ፊት ቆሜ የገዛ እናቴ አታውቀኝም ልበል?

ሻይ አስቀርቤላችኋለሁ። ሹፌር መድቤላችኋለሁ። ከሰዎቹ እንደተላቀቅኩ ሮጬ ወረድኩ፤ ወንበሩ ባዶ ነበር። ለምን ትንሽ አልጠበቃችሁኝም?

አሁን ሠራተኛው ሁሉ አውቋል መሰለኝ። ዘበኛው ሰላም ሲለኝ መሬት መሬት ያያል። በሎቢው ማለፍ ትቼ በጓሮ በኩል፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው በሚያወጣው ደረጃ ነው የምገባው።

ፕላኑን ግድግዳውን አፍርሼም ቢሆን ልላክልሽ? ንገሪኝ። እና ደግሞ… እንዴት እንደምጠይቅሽ አላውቅም። ስትመለሱ ስለ እኔ ምን አለች? እንዲያው ምንም አላለችም? አንድ ቃል ጻፊልኝ።


መጋቢት 2

ይድረስ ለወንድሜ፤

ጤና ይስጥልኝ። የጠየቅኸኝን ሁሉ ልመልስልህ፤ ከዚህ በኋላ የምጽፍልህ አይመስለኝም።

ለምን ሳትነግሩኝ መጣችሁ ብለሃል። «መኪናው መንገድ ላይ ነው በያት» አልከኝ፤ እኔም አልኳት። ከዚያ ቆማ መጠበቅ ጀመረች። ሐኪሙ በዚህ ከቀጠለች ሆስፒታል ትተኛ አለ። የመጣችበትን ቤት ፍለጋ ነው የምትሞተው፤ እንግዲያው ልውሰዳት ብዬ ቆረጥኩ። በአውቶቡስ መጣን። መንገዱን ሁሉ ፀጉሯን ስታስተካክል ነበር። ጫማዋ ያልገጠመው እኔ ራሴ አደርጋለሁ ብላ ስለታገለችኝ ነው። ወደ ልጇ ስለምትሄድ ቸኩላ ነው።

ዘበኛህ በሩን ከፈተልን። እማዬ ደፉ ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። «ግድ የለም እማማ፣ ዝም ብለው ይግቡ» አላት። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ «ክፍል ይዛችኋል?» አለችን። እማዬ «አራት ክፍል አለን» አለቻት። ልጅቷ ኮምፒውተሯ ላይ መፈለግ ጀመረች። እስክታገኘው ድረስ ቆምን።

ያኔ ነው ግድግዳውን ያየችው። አፏን ይዛ ቀረች። ተራመደች፣ እንግዶችህ መሃል ገብታ እጇን ዘረጋች። ዘበኛው ሮጦ መጣ። «እማማ፣ መስታወቱን አይንኩት፤ ጣት ይታይበታል» አላት። በጨዋ ደንብ ነው ያላት፣ አልከፋባትም። እሷም እጇን ሰብስባ ይቅርታ ጠየቀችው። እኔ ግን መቻል አቃተኝ። ከሊፍቱ ስትወጣ የሰማኸው ጩኸት እሱ ነው። «ቤቷን ነው የነካችው!» ነው ያልኩት። እማዬ ክንዴን ይዛ «ተይ ልጄ፣ በሰው ቤት አይጮህም» አለችኝ።

ያንተን ድርሻ አንተ ታውቀዋለህ። «የድሮ ጎረቤቶቻችን» ስትል እኔ እሷን ነበር የማየው። ምንም አልሆነችም። እንዲያውም ፈገግ አለች፤ እንደ ጎረቤት ደንብ እጇን ለባንኩ ሰዎች ዘረጋችላቸው። ስለዚህ ለእሷ ስትል አትጸጸት፤ አላወቀችህም። ያወቅኩህ እኔ ነኝ።

ሻዩን ጠጣች። ብስኩቱንም በገዛ እጇ አንስታ በላች። ከስንት ጊዜ በኋላ! እሱን ልክድህ አልችልም። ስትጨርስ «እንሂድ፣ ሰዎቹ ሥራ አላቸው» ብላ የተነሳችው እሷ ናት። አንተ ልትወርድ እንደምትችል ገምቼ ነበር። ጠብቂው ልላት አልፈለግሁም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቷን ጠይቃ አታውቅም። ቦርሳዋን ፈታ ልብሶቿን ቁምሳጥን ውስጥ ሰቅላለች። የሚቀርብላትን ትበላለች። ጎማ ሲፈነዳ አትደነግጥም። ሐኪሙ በሽታው ገፍቷል ማለት ነው ይላል፤ የጎሚስታው ሚስት «አሁን እንኳን ልቧ አረፈ» ትላለች። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ፕላኑን አትላክ። ቅጂውን ከፊቷ አኑሬ ሞከርኩት፤ አንተ የላክኸውን ቪላም ደገምኩላት። ሁለቱንም እኩል አየቻቸው። አሁን ወረቀት ነው። እንግዶችህ ፎቶ ይነሱበት።

የቀረኝ የመጨረሻው ነው። ስለ አንተ ምን እንዳለች። ልተወው ነበር፤ ግን አንድ ቃል ጻፊልኝ ብለሃል።

አውቶቡሱ ከከተማ ሲወጣ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ነበር። የተኛች መስሎኝ አልተንቀሳቀስኩም።

«ያ ሰውዬ» አለችኝ።

«የቱ?»

«ያ ሻይ ያጠጣን። ባለ ሱፉ።» ዓይኗን አልገለጠችም። «ምን ያለ የተባረከ ሰው ነው! አያውቀን፣ አናውቀው።»

ቀና ብዬ መንገዱን አየሁ።

«እናቱ ታድላለች» አለች።

«ታድላለች፣ እማዬ» አልኳት።

እህትህ